የድል ሥዕሉን የከፈለበት ማነው?

ፎቶ ባልነበረበት ዘመን የሆላንድ ሰው የባህር ኃይሉን ድል በምን አየው? በህትመት ነዋ! ሠዓሊው መዳብ ላይ ይቀርጻል፣ ቀለም ይቀባና ወረቀት ላይ ይጫናል። ከአንድ መዳብ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል፤ የዘይት ቀለም ሥዕል የማይደፍር ሰውም ይገዛዋል።

እ.ኤ.አ. በ1667 የአድሚራል ደ ሩይተር መርከቦች እንግሊዝ ሜድዌይ ወንዝ ድረስ ዘልቀው የጠላትን መርከቦች አቃጠሉ። በንጉሡ ስም የምትጠራውን ሮያል ቻርልስን ጎትተው ወሰዷት። የኋላ ቅርጿ ዛሬም አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ አለ። የድሉ ህትመትም ወዲያው ወጣ።

በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ህትመት ወሬ ከማድረስ አልፎ ኩራቱንም ራሱን ሠርቷል። አድሚራሉ በስም ይታወቃል፤ ውሃ ውስጥ የሚፍጨረጨረው መርከበኛ ግን ነጥብ ነው። ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ እኮ ከኖርዌይና ከጀርመን ለደሞዝ የመጡ ነበሩ።

ሠዓሊው ቪለም ቫን ደ ቬልደንም ተመልከቱት። በ1666ቱ የአራት ቀን ውጊያ በትንሽ መርከብ ከሆላንድ ጦር ጋር ወጥቶ ውጊያውን እያየ ነደፈ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ከልጁ ጋር ለንደን ገባ። ከ1674 ጀምሮ ያው የእንግሊዝ ንጉሥ በዓመት መቶ ፓውንድ ይከፍለው ጀመር። እጁ ያው ነው፣ ባህሩም ያው ነው፤ ከፋዩ ግን ተቀየረ።

ታሪክ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለተማሪ የድል ሥዕል ስናሳይ ማን አሸነፈ ብለን ብቻ አንለፍ። ማን አሠራው? የማን ስም ቀረ? ብለንም እንጠይቅ። በአገር መኩራት ነውር የለውም፤ ጥያቄ የሚፈራ ኩራት ግን አያዛልቅም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?