የሐኪሙን ምሳ የሚከፍለው በሽተኛው ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከመካከላችሁ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ ወይም ላብራቶሪ የተማራችሁ፣ በመማር ላይም ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። አልሐምዱሊላህ። የጤና ባለሙያ ተመርቆ ሥራ ቢጀምርም ትምህርቱ አያበቃም። በአገራችን የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲፒዲ የምንለውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ መልካም ነው። ከ15 ዓመት በፊት በተማረው ብቻ የሚያክም ሐኪም ልጁን እንዲያይለት የሚፈልግ አባት የለም።

ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። ሥልጠናው አዳራሽ፣ አሠልጣኝ፣ ወረቀት፣ ሻይ ይፈልጋል። ከየት ይምጣ ሲባል የተለመደው መልስ «ስፖንሰር እንፈልግ» ነው። ስፖንሰር ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የሚንኳኳው የመድኃኒት አስመጪው በር ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይወሰዳል፤ ደብዳቤው ላይ «ፕላቲነም፣ ጎልድ፣ ሲልቨር» የሚል ደረጃ ተዘርዝሯል። ከፍ ያለውን የከፈለ ባነሩ መድረክ ላይ ይሰቀልለታል፣ ተወካዩም ከሥልጠናው መሐል ተነስቶ ይናገራል። ይህን «ድጋፍ» ብለን መጥራታችን ይብቃ! የለየለት ግብይት ነው። የሚሸጠውም የአዘጋጁ ንብረት ሳይሆን የበሽተኛው አማና ነው።

«ሐኪም በምሳ አይገዛም» ለሚሉ

«እኛ የተማርን ሰዎች ነን፤ በአንድ ምሳና በአንድ ቦርሳ ሐሳባችን አይለወጥም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዋሹ አንልም፤ ከልባቸው ነው የሚሉት። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞችም ከልባቸው እንዲሁ ብለው ነበር። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ቼስት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ሙሉ ወጪያቸውን ችለው ለሴሚናር ወደ መዝናኛ ሥፍራ የወሰዷቸውን የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሐኪሞች የሚመለከት ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሲጠየቁ አብዛኞቹ «ጉዞው በመድኃኒት አዛዛችን ላይ ለውጥ አያመጣም» አሉ። ከተመለሱ በኋላ የሆስፒታሉ የመድኃኒት መዝገብ ሲታይ ግን የአንደኛው መድኃኒት አጠቃቀም ከሦስት እጥፍ በላይ፣ የሌላኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ።

በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 280 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ሐኪሞችን መዝገብ መረመረ። ኩባንያው አንድ ጊዜ ብቻ ምግብ የጋበዛቸው ሐኪሞች የዚያን ኩባንያ መድኃኒት ካልተጋበዙት አብዝተው ያዙ ነበር። የግብዣው አማካይ ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ነው! ምግቡ ብቻውን ምክንያት መሆኑን ጥናቱ አላረጋገጠም። ነገር ግን ነጋዴ ትርፍ በማያይበት ነገር ላይ ዓመት ከዓመት ገንዘብ አያፈስም። ይህን ለማወቅ መርካቶ አንድ ቀን መዋል ይበቃል።

ስፖንሰሩ የሚገዛው ርዕሱን ነው

ብዙ ሰው አደጋው ተናጋሪው ይዋሻል የሚል ይመስለዋል። ዋናው አደጋ ከዚያ ይረቃል። አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በ1996 ለገበያ አቀረበ። እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ መዝናኛ ሥፍራዎች ከ40 በላይ ጉባኤዎችን አዘጋጀ። ከ5 ሺህ በላይ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶችና ነርሶች ሙሉ ወጪያቸው ተችሎላቸው ተገኙ። ኩባንያው ከ1996 እስከ 2002 አጋማሽ በቀጥታም ሆነ በእርዳታ መልክ ገንዘብ ያወጣባቸው፣ ስለ ሕመም የሚያስተምሩ መርሐ ግብሮች ደግሞ ከ20 ሺህ ይበልጡ ነበር።

የትምህርቱ ርዕስ ምን ነበር? ሕመም በበቂ ሁኔታ አይታከምም የሚል። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ በሕመም የሚሰቃይ ሰው በእርግጥ ብዙ ነበር። ነገር ግን የመድኃኒቱን ሱስ አስያዥነት አቃልሎ የሚያሳየው ወሬ በዚያ እውነት ጀርባ ታዝሎ ገባ። በ2007 ከኩባንያው ጋር የተያያዘው ድርጅት የሱስ አደጋውን አሳስቶ በማቅረብ ጥፋተኛ መሆኑን ፍርድ ቤት አመነ፤ ከኃላፊዎቹ ጋር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። በሱሱ የሞቱትን ግን ማንም አልመለሰም።

አሁን ደግሞ ያልተጠራውን ጉባኤ አስቡ። በ2002 ኦልሃት የተባለ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም የመራው፣ ከ33 ሺህ በላይ የደም ግፊት ሕሙማንን ያነጻጸረ ነው። ክሎርታሊዶን የሚባለው የቆየና ርካሽ፣ ሽንት የሚያሸና ክኒን ከአዳዲሶቹና ከውዶቹ አላነሰም፤ እንዲያውም በአንዳንድ መለኪያ በለጠ። ለመሆኑ ይህን ለሐኪሞች ለማስተማር ማን ሆቴል ይከራያል? በሳንቲም የሚሸጥ ክኒን ባነር አያሰቅልም። ለተቅማጥ ሕፃን ስለሚሰጠው ኦአርኤስ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ያለአግባብ የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ስለመቀነስ የሚሰጥ ሥልጠናም እንዲሁ ነው። አንቲባዮቲክ የሚሸጥ ሰው «አንቲባዮቲክ አታብዙ» ለሚል መድረክ ጎልድ ደረጃ አይገዛም።

ስለዚህ በኩባንያ ገንዘብ ብቻ የሚማር ሐኪም አንድም ሐሰት ሳይሰማ ሊጎድል ይችላል። የሰማው ሁሉ እውነት ነው፤ ያልሰማው ግን በሽተኛው የሚፈልገው ነበር። ጉድለቱን የሚከፍለውም በሽተኛው ነው። በአገራችን ብዙ ሰው መድኃኒት የሚገዛው ከኪሱ አውጥቶ ነው። ከገጠር የመጡ እናት በግ ሸጠው ያመጡትን ብር ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆጥረው ያስረክባሉ። ማዘዣው ላይ የንግድ ስሙ ለምን እንደተጻፈ፣ ያው መድኃኒት በሌላ ስም በርካሽ ይገኝ እንደሆነ አያውቁም። ሐኪሙን አምነው ነው የከፈሉት።

«ስጦታ ዲናችን ይፈቅዳል» ለሚሉ

አዎ፣ ስጦታ ይወደዳል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ወዳጅ ለወዳጅ ይሰጣል። ኃላፊነት በተሸከመ ሰው እጅ የሚገባ ስጦታ ግን ሌላ ሚዛን አለው። ዘካ እንዲሰበስብ የተላከው ሰው ተመልሶ የተወሰነውን ለሕዝቡ፣ የተወሰነውን «ለእኔ የተሰጠ ነው» ብሎ ሲለይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል እንደተቆጡ ታውቃላችሁ። ወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ነበር የጠየቁት። ይህን ሚዛን ወደ ጉዳያችን አምጡት። ሐኪሙ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ባይኖረው ኩባንያው የአውሮፕላን ትኬት ይልክለት ነበር? መልሱን ለራሳችሁ እንተዋለን።

ሳይገዙ ማስተማር ይቻላል

«ያለ ኩባንያ ገንዘብ ሥልጠና አይኖርም» የሚለውም አያሳምንም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኑረዲን ዘንጊ ደማስቆ ውስጥ ሆስፒታል አሠርተው የሕክምና መጻሕፍትን ወቅፍ አደረጉለት። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገበው፣ አቡል መጅድ የተባለው ሐኪም በሽተኞቹን ዞሮ ካየ በኋላ በትልቁ አዳራሽ ይቀመጥ ነበር፤ ሐኪሞችም እየመጡ መጻሕፍት ገልጠው ለሦስት ሰዓት ያህል ይወያዩ ነበር። ይህ ከሲፒዲ በምን ይለያል? ገንዘቡን ያወጣ ሰው ነበረ፤ ግን ሰጥቶ እጁን ሰበሰበ። የሚያሻሽጠው ክኒን አልነበረውም።

በዘመናችንም መንገዱ ታውቋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለተከታታይ ትምህርት ከኩባንያዎች ገንዘብ መቀበል እንደሚያቆም በ2010 አስታውቋል። የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ማኅበር የሆነው ሜድቴክ አውሮፓ ከ2018 ጀምሮ አባላቱ ሌሎች ለሚያዘጋጁት ጉባኤ የግለሰብ ባለሙያን ወጪ በቀጥታ እንዳይሸፍኑ ከልክሏል። በአሜሪካ ለተከታታይ የሕክምና ትምህርት እውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት በ2020 ያወጣው ደንብ የኩባንያ ገንዘብን ፈጽሞ አልከለከለም። ነገር ግን ርዕሱንና ተናጋሪውን ኩባንያው እንዳይመርጥ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ገንዘቡም ለተሳታፊዎች ጉዞና ማደሪያ እንዳይውል ያዛል።

ስፖንሰር የምትፈልጉ ይህን ያዙ

ሥልጠና የምታዘጋጁ ወጣቶች ሆይ! በር አታንኳኩ አላልንም። ስታንኳኩ ግን ሁኔታውን የምታስቀምጡት እናንተ ሁኑ።

1ኛ) ርዕሱንና አሠልጣኙን ጨርሱ፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይውጣ። ርዕሱም የሚመረጥ ተመላላሽ ክፍላችሁና ዋርዳችሁ ውስጥ በየቀኑ ከምታዩት በሽታ ነው።

2ኛ) መጀመሪያ መድኃኒት ወደማይሸጥ ሰው ሂዱ። ቡና ላኪው፣ የሕንፃ ተቋራጩ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው፣ ውጭ አገር ያለው የአገር ልጅ ሁሉም አንድ ቀን በሽተኛ ናቸው። ለመስጊድ ምንጣፍ የሚያዋጣ ጀማዓ ለሐኪሞቹ ትምህርትም ማዋጣት አያቅተውም፤ ሰደቃ ጃሪያ ነው ብላችሁ ንገሩት።

3ኛ) ከመድኃኒት ሻጭ ከተቀበላችሁ ከአንድ ብቻ አትቀበሉ። ገንዘቡ በአዘጋጁ ሒሳብ በጽሑፍ ውል ይግባ። ለተሳታፊ ትኬት፣ አበል፣ ስጦታ አይኑር።

4ኛ) የንግግር ሰዓት አይሸጥ። የኩባንያው ጠረጴዛ ከአዳራሹ ውጭ ይሁን። በመድረክ ላይ መድኃኒት በመደበኛ ስሙ እንጂ በንግድ ስሙ አይጠራ።

5ኛ) አሠልጣኙ ከየትኛው ኩባንያ ምን እንደተቀበለ ንግግሩን ሳይጀምር ይናገር። ገቢና ወጪው ሥልጠናው ሲያልቅ ለሁሉም ይለጠፍ።

6ኛ) ወጪውን ቀንሱ። የሆስፒታሉ አዳራሽ፣ ሻይና ሳምቡሳ ይበቃል። ሆቴሉ ለሥልጠናው አይደለም የሚያስፈልገው፤ ለፎቶው ነው።

ኩባንያው እነዚህን ሰምቶ «እንዲህ ከሆነስ አልሰጥም» ካለ ምን ሊገዛ እንደመጣ ራሱ ነገራችሁ። አመስግናችሁ ውጡ። እሺ ብሎ ከሰጠ ደግሞ አላህ ይባርክለት፤ ያ እውነተኛ ድጋፍ ነው።

የሆስፒታል ኃላፊዎችም ከዚህ አያመልጡም። ፈቃድ ለማሳደስ ሥልጠና ግዴታ ሲሆን ለሠራተኛው ቀኑንና አዳራሹን መስጠትም ግዴታ ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰውን ወጣት ሐኪም «ተማር» ብሎ በባዶ እጁ መላክ ወደ ሻጩ እቅፍ መግፋት ነው።

አላህ ሐኪሞቻችንን ዕውቀታቸውን ያስፋላቸው፣ እጃቸውንም ንጹሕ ያድርግላቸው። ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይላክላቸው። አሚን።

ጽሑፉን ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ወዳጆቻችሁ አድርሱልን።

ወላሁ አዕለም።