ኀዘኑን በእድር፣ ደስታውን በዕዳ

በውጭ አገር ስለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቁጠባ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ገበያ ቅርጫት ይወርዳል። ዘይት በጅምላ የት ይገኛል፣ ሽንኩርት በጆንያ የት ይረክሳል፣ የትኛው ሱቅ ቅናሽ አድርጓል ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ችግሩ ለማያስፈልገው ሰው መሰጠቱ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሠርቶ፣ እሑድ ከሰዓት አይዳሆ የበቀለውን ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር አቡክቶ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤተሰብ ስለ ኩሽና ቁጠባ ከማንም አይማርም። ጾሙን በሙሉ የሚጠብቅ የኦርቶዶክስ ቤት በዓመት ከ180 ቀን ላላነሰ ጊዜ ሥጋም ቅቤም አያበስልም፤ ሽሮ፣ ክክና ምስር ደግሞ የትም አገር ቢሆን ርካሽ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ባለው ቤት የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ለምን አይወርድም? መልሱ ከኩሽናው ውጭ ያለ ይመስለኛል። ብዙው ገንዘብ የሚሄደው በሰው ፊት ለምናወጣው ወጪ ነው፦ ለልደቱ፣ ለሠርጉና ለመልሱ፣ ለመኪናው፣ አገር ቤት ሲገባ ለሚሞላው ሻንጣ። ይህን ወጪ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊቀንሰው አይችልም፤ ልኩን የወሰነው ቤተሰቡ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነውና። ስለዚህ ቅነሳውም በጋራ ካልሆነ አይሳካም።

በመጀመሪያ መለኪያውን ከዶላር ወደ ሰዓት እንለውጠው። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈላት የአረጋውያን ተንከባካቢ ግብሩና ተቀናሹ ሁሉ ወጥቶ 17 ዶላር እጇ ይገባል እንበል። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ስሌት አንድ አዲስ መኪና ወለዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑ፣ ጥገናውና በየዓመቱ የሚወርደው ዋጋው ሲደመር በዓመት በአማካይ 12,297 ዶላር ያስወጣል። ለ17 ሲካፈል 723 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ከ18 ሳምንት ይበልጣል፤ ከጥር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ሠርታ ለመኪናው ገበረች ማለት ነው። ዕዳው ያለቀለት አሮጌ ኮሮላ የዚህን ግማሽ ቢፈጅ እንኳ ዘጠኝ ሳምንት ይመለስላታል። (ኡበር ለሚነዳ ሰው መኪናው የሥራ ዕቃው ስለሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱን እዚህ አላስገባም።) ዘጠኝ ሳምንት የምለው የዕረፍት ጊዜ አይደለም። ሁለተኛውን ሺፍት መተው፣ ልጅ ሳይተኛ ቤት መድረስ፣ የቅዳሜውን ኦቨርታይም «አልችልም» ማለት መቻል ነው። ቁጠባ ስንል ይህን ካላየን ነገሩ ራስን መንፈግ ብቻ ይመስለናል።

ሰው እንዲህ ያለውን ሒሳብ እያወቀ ለምን አዲሱን መኪና ይገዛል? ስለማያስብ አይደለም፤ ጎረቤቱን ስለሚያይ ነው። ይህ ደግሞ የሐበሻ ጠባይ ብቻ አይደለም። በኔዘርላንድስ በፖስታ ኮድ የሚወጣ ሎተሪ አለ፤ ዕጣው ሲወጣ በዚያ ኮድ ከሚኖሩት መካከል ትኬት የገዙት ሁሉ ገንዘብ ይደርሳቸዋል፣ ቢኤምደብልዩ መኪናም ይሸለማል። ተመራማሪዎች የዚህን ሎተሪ ውጤት አጥንተው በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ ትኬት ያልገዙት፣ ስለዚህም ቤሳ ያልደረሳቸው የአሸናፊዎቹ ጎረቤቶች ሳይቀሩ መኪና ወደ መግዛት ማዘንበላቸውን አሳይተዋል። ገቢያቸው አልጨመረም፤ የተለወጠው በመስኮት የሚያዩት ነው። እኛ ጋ ደግሞ መስኮቱ ሰፊ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአሌክሳንድሪያ ወይም የኦሮራ ሐበሻ የሚያየው አጠገቡ ያለውን አፓርታማ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ የሠርግ ቪዲዮውንና ቲክቶኩን ነው፤ በዚያ ላይ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ከወዲያ ሆነው ያዩታል። አንድ ሰው በሁለት አገር ሚዛን ሲመዘን የሚያስወጣውም በዚያው ልክ ነው።

የአንድ ዓመት ሕፃን ልደት እንውሰድ። አዳራሹ በሰዓት የተከራየ ነው፣ ለስድስት ሰዓት ተብሎ ሰው የሚገባው ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ነው። በሩ ላይ በፊኛ የተሠራ ቅስት አለ፤ ዲጄው፣ ቪዲዮ ቀራጩና ፎቶ አንሺው ለየብቻ የሚከፈላቸው ናቸው። ክትፎው፣ ጥብሱና አልጫው በአሉሚኒየም ትሪ ተደርድሯል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሲታይ የትሪዎቹ እኩሌታ አልተነካም። ባለ ልደቱ ከሁለት ሰዓት በፊት እንቅልፍ ወስዶት ጋሪው ውስጥ ነው። ወጪው 5,000 ዶላር ደረሰ እንበል፤ በዚያች ተንከባካቢ ደመወዝ 294 ሰዓት ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ ከወጣና ዋናው ሳይነካ ዓመቱ ካለፈ፣ በ21 በመቶ ወለዱ ብቻ 1,050 ዶላር ይመጣል። የተጠራውም ሰው ነፃ አይደለም። በፖስታ የሚያስገባው አለ፣ ለልብሱ አለ፤ ኡበር ነጂ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ማታ የሳምንቱ ዋና ገበያው ነው። ደጋሹም ተጋባዡም ተቸግረው፣ ሁለቱም «ሰው ምን ይላል» ብለው፣ አንዱ ሌላውን እያስወጣ ይዞራል። በግል ቢጠየቁ ይህን የወደደው አንዱም ላይገኝ ይችላል።

ከዚህ ለመውጣት አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ በኀዘን በኩል ሠርተነዋል። በ20ኛው መቶ ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው እድር ቀብርን የመሰለ ከባድ ወጪ ለሁሉም የሚቻል ያደረገ ሥርዓት ነው። ባለሀብቱም ዘበኛውም ወርሃዊ መዋጮው አንድ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው የጋራ ነው፤ ሰው ሲሞት ማንም ለብቻው አይገዛም። ለኀዘንተኛው የሚከፈለው ገንዘብ በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈ ስለሆነ «ለእገሌ አባት ይህን ያህል ወጣ» የሚል ፉክክር ብዙ ቦታ የለውም። ውጭ አገር የተቋቋሙ እድሮችም አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ወጪውን ሲጋሩ ኖረዋል። እቁቡም ያለ ወለድ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ለብዙ ቤት ቅድመ ክፍያ የሆነ ዘዴ ነው፤ ዕጣው ለድግስ ሲውል ግን ያው የፉክክሩ ማገዶ ይሆናል። እንግዲህ ለሞት ደንብ አውጥተን ለልደትና ለሠርግ አላወጣንም። የአንድ ማኅበር ወይም የአንድ አጥቢያ ሰዎች ተሰብስበው «በእኛ መካከል ልደት በፓርክ ወይም በአጥቢያው አዳራሽ ይከበራል፣ እያንዳንዱ አንድ ድስት ይዞ ይመጣል፣ ስጦታ ከ20 ዶላር አይበልጥም» ብለው ቢስማሙ፣ ያንን ያደረገው ሰው አቅም አነሰው ሳይሆን ደንብ አከበረ ይባላል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ግን ትልቅ ነው።

«እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፣ ይህ ስስት ነው» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሐበሻ ቤት ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው ቅር ይለዋል፤ ቅር ሊለውም ይገባል። ግን ውድ ድግስ እንግዳ ያበዛል ወይስ ያሳንሳል ብለን እንጠይቅ። የስጦታው ልክ ሲወጣ አቅም የሌለው ሰው ቀስ በቀስ መቅረት ይጀምራል። «ሥራ ነበረብኝ» ይላል፣ ማንም አይጠራጠረውም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከቀረ በኋላ መጥራቱም ይቆማል። አዲስ የመጡትን፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድገውን፣ ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለትን ከመካከላችን የሚያስወጣቸው የአዳራሹ ድግስ ነው። ቡናው፣ ፈንዲሻውና ዳቦው ግን ማንንም አስቀርቶ አያውቅም።

ሌላው ስለ ልጆች የሚባለው ነው፤ «ልጄ ከእኩዮቹ አንሶ እንዲያድግ አልፈልግም» ይላል ወላጅ። የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያንስበት እኩያ የለውም፤ ያ ድግስ የወላጁ ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ የሚፈልገው ጫማ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ «አርፈህ ተቀመጥ» ብሎ ማለፍም አይበቃም። እዚህ ላይ የምናጠፋው ነገር ገንዘብን ከልጅ መደበቃችን ነው። የኢንሹራንሱን ደብዳቤ አንብቦ የሚተረጉምልንን፣ ስልክ ይዞ ከባንኩ ሠራተኛ ጋር የሚነጋገርልንን ልጅ ስለ ቤቱ ገቢ አያውቅም ብለን ማሰባችን ያስገርማል። የወሩን ኪራይ፣ የመብራቱን፣ ለአያቱ የሚላከውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ «ከዚህ የተረፈው ይህ ነው፣ ጫማው ከምን ላይ ይውጣ?» ብሎ መጠየቅ ልጁን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ከቤቱ ሰዎች አንዱ ያደርገዋል።

አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። በእኔ ግምት የእናት መድኃኒትና የወንድም ትምህርት በበጀቱ መጀመሪያ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ከተረፈ የሚላክ ሆኖ ሳይሆን እንደ ኪራይ ልኩ የታወቀ ሆኖ። ስልክ በተደወለ ቁጥር ከካርድ እየተጎተተ ሲላክ ላኪውም ተቀባዩም ምን ያህል እንደሆነ አያውቁትም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል፤ የገበያው ዋጋም አብሮ ስለወጣ የቀድሞውን ብር ይዞ መቆየትም የቀድሞውን ዶላር ሳያስቡ መላክም ልክ አይደለም፣ እንደገና ተነጋግሮ መወሰን ነው። ከአሜሪካ የምትልኩ ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ከፍሎ ወደ ውጭ መላክ የ1 በመቶ ግብር እንዳለበት፣ ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ በወጣ ዴቢት ካርድ መላክ ግን እንደሌለበት ልብ በሉ። እኔ የምቃወመው ሻንጣውን ነው። ባዶ እጅ አይገባም እየተባለ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች በስልክ፣ በሽቶና በጫማ እስኪሞሉ ጉዞው ዓመት ከዓመት ይተላለፋል፤ ዘንድሮ ያልሞላ ሻንጣ ለከርሞ ሲቆይ እናት ታረጃለች። የትኬቱ ብር ኖሮ የስጦታው ስለጠፋ ብቻ ወላጁን በሕይወት ሳያገኝ የቀረ ሰው በየከተማው አለ። ይህን ስስት ማን ይለዋል?

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን «ችግራችን ድግስ ሳይሆን የገቢ ማነስ ነው፣ ድህነትን አታሞግስብን» የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አንገስ ዲተን በ2010 የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት 75,000 ዶላር ገቢ አካባቢ መሻሻሉን ያቆማል ብለው ነበር፤ ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 ከዚያም በላይ እንደሚቀጥል አሳየ፤ በ2023 ካነማንና እሱ ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታም እንደሚጨምር አብረው ጻፉ። ኪራይ ገቢውን ለሚበላበት ቤተሰብ የተሻለ ደመወዝን የሚተካ ቁጠባ የለም፤ ቤይሩት ወይም ሪያድ በአሠሪዋ ቤት ተዘግታ ለምትሠራ እህታችን ይህን ጽሑፍ ማንበብ እንኳ ስላቅ ይሆንባታል፣ የእርሷ ጥያቄ የመብት ጥያቄ ነው። ግን ጥናቱ ሌላም ነገር ይናገራል። ጭማሪው የሚቆጠረው በዶላር ሳይሆን በእጥፍ ነው፤ 1,000 ዶላር ለሀብታም ከሚሰጠው ደስታ ይልቅ ለዝቅተኛ ተከፋይ የሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ 5,000 ዶላር በአንድ ሌሊት መጣል ከሁሉ የሚጎዳው እኛኑ ነው። ገቢያችን ማነሱ ክርክሩን አያፈርሰውም፣ ያጠብቀዋል እንጂ።

የተመለሰው ሰዓትስ ምን ይሠራበታል? ያው ካነማን ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ቴክሳስ ውስጥ 909 ሠራተኛ ሴቶችን ያለፈውን ቀናቸውን በየክፍሉ እንዲመዝኑ ጠይቆ ነበር። ከታች የተገኙት የጠዋትና የማታ የመንገድ ጉዞና ሥራው ራሱ ናቸው፤ ከላይ ከተገኙት ደግሞ ከሥራ በኋላ ከሰው ጋር መጨዋወት፣ ራትና ዕረፍት ይገኛሉ። አንዱም አዳራሽ አይጠይቅም። ከአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ ራት ለአራት ሰው የሽሮና የሰላጣ ዋጋ ነው። ለልጅ መጽሐፍ የሚያውሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነፃ ነው፤ ሦስት ጊዜ የሚቀዳው የእሑድ ቡና ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ ስልክ የሚያስቀምጥ፣ ጎረቤት የሚጠራ ነገር ነው። የጎደለን እነዚህን ማወቅ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆናችን ነው።

እንግዲህ ማን ይጀምር የሚለው ይቀራል፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ ሊይዘን አይገባም። አዲስ የመጣው ቤተሰብ ልደቱን ፓርክ ውስጥ ቢያከብር «ቸግሮት ነው» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ይሞታል። ባለ ሬስቶራንቱ፣ ሐኪሙ፣ ሪል እስቴት ሻጩ፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር ቢያደርገው ግን ሌላው የመምረጥ ነፃነት ያገኛል፤ የእነሱን አቅም ማንም አይጠራጠርምና። በማኅበራችሁ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ልደትና ስለ ሠርግ ወጪ አንድ አጀንዳ ይያዝ፤ የመጀመሪያውን ድስት ይዞ ፓርኩ የሚወርደውም ከሁሉ የተሻለ ገቢ ያለው አባል ይሁን።