«ነገ ና» ማለትም ፍቅር ነው!

ከሸቤ የጻፍሽልን እህታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶናል። ፍቅረኛሽ ጅማ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ሲወጣ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ፣ ዝናብና ጭጋግ ሳይል ይመጣልሻል። ጅማ ያደረ ዕለት ግን ታኮርፊያለሽ። «ቢወደኝ ኖሮ ምን ያስቀረው ነበር?» ትያለሽ።

እስቲ ስለ አንድ አውሮፕላን ላጫውትሽ። አትገረሚ፣ ነገሩ ካንቺ ጉዳይ ጋር ይገናኛል።

ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። የአንድ የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ሚስቱንና የሚስቱን እህት በራሱ ትንሽ አውሮፕላን አሳፍሮ፣ ራሱ እያበረረ ለዘመድ ሠርግ ተነሣ። የአብራሪነት ፈቃድ ካገኘ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ውጭው በማይታይበት ጊዜ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ ደግሞ ጭራሽ አልነበረውም። ሲነሡ መሽቷል። ባሕሩ ላይ ጨለማና ጭጋግ ጠበቃቸው።

እንዲህ ባለ ሰዓት ሰማይና ውኃ አይለዩም። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯችንም ያታልለናል፤ አውሮፕላኑ ዘምሞ እየዞረ አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። መርማሪዎቹ የደረሱበትም ይሄንኑ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የተገኘ ብልሽት የለም። ሦስቱም ሞቱ። የሠርጉ ቤት የለቅሶ ቤት ሆነ።

ይሄ የፈረንጅ አገር ታሪክ ነው እንዳትዪ! ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ የተነሣ ትንሽ አውሮፕላን ከተራራ ጋር ተላትሞ፣ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባልን ጨምሮ 16 ሰዎች አልቀዋል። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው።

እህቴ፣ የሚጠበቅ ሰው ይቸኩላል። ያንቺን ኩርፊያ የፈራ ልጅ ደግሞ ጭጋጉን አይፈራም! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው ነፍስ ከሆነ ግን ምኑ ይለቀማል?

ስለዚህ ቅዳሜ ቀትር ላይ ደውይለት። «ከመሸብህ እዚያው እደር፣ እሁድ ጠዋት ቡና አፍልቼ እጠብቅሃለሁ» በይው። ከዚያ ሲመጣ ፊትሽን አታጥቁሪበት። የሚወድሽ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ እሁድ በጠዋት መምጣቱን እዪ።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ «ዛሬ መሽቶብኛል» ማለት አያሳፍርም።