በአማርኛ የሚጠይቅ ይላክልን

ይድረስ ለዋሽንግተን ዲሲ የአረጋውያንና የማኅበረሰብ ኑሮ መምሪያ ዳይሬክተር

በነርሲንግ ሆም የሚኖሩ አረጋውያን በደል ሲደርስባቸው አቤት የሚሉበት በር በሕግ ተከፍቷል። እንግሊዝኛ ለማይችል አረጋዊ ግን በሩ ሩቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባሰባሰባቸው ጥናቶች፣ ከሦስት የእንክብካቤ ተቋም ሠራተኞች ሁለቱ ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ በአረጋውያን ላይ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ከአማርኛ ተናጋሪዎች አቤቱታ አልመጣም ማለት በደል የለም ማለት አይደለም።

የበደል ምልክቶች ይታወቃሉ፤ በክንድ ላይ በጣት ቅርጽ የበለዘ ቆዳ፣ የሚያገላብጥ ሰው በማጣት የሚወጣ የጀርባ ቁስል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ አንድ ሠራተኛ ሲገባ መሸማቀቅ። እርግጥ የአረጋዊ ቆዳ በቀላሉ ይበልዛል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱትማ ይብስባቸዋል። ምልክቱ ብቻውን ስለማይፈርድ ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ይላል። የመርሳት በሽታ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በኋላ የተማሩትን ቋንቋ አስቀድሞ ይወስዳል፤ ዕድሜያቸውን በእንግሊዝኛ ሲሠሩ ለኖሩ እናት በመጨረሻ አማርኛ ብቻ ሊቀራቸው ይችላል። «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» የሚላቸው ከሌለ ጉዳታቸው «ወድቀው ነው» ተብሎ ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል።

«የስልክ አስተርጓሚ አለ» የሚል መልስ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። አለ፤ የሚጠቅመው ግን ስልክ አንሥቶ መደወል ለሚችል ሰው ነው። ከአልጋ የማይነሡ አዛውንት አይደውሉም፤ በስልክ የሚያስተረጉም ሰውም ፊታቸውን አያይም። «አማርኛ የሚናገሩ ሠራተኞች በነርሲንግ ሆሙ አሉ» የሚለው መልስ ከዚህ ይከፋል። የተከሳሽ የሥራ ባልደረባ ምስክርነት ሊያስተረጉም አይገባም፤ በይሉኝታ ያደጉ አረጋዊም ነገ ለሚያጥባቸውና ለሚያጎርሳቸው ሰው ጓደኛ በደላቸውን አይዘረዝሩም።

እነዚያው ሠራተኞች ግን ሌላ ትልቅ ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ነርሲንግ ሆም ውስጥ ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ በበቂ ምክንያት የጠረጠረ ሠራተኛ ለፖሊስና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ በ2 ሰዓት፣ ካልደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ። ማስረጃ አሟልቶ መቅረብ አይጠበቅበትም። ስላመለከተ ሊቀጣው ወይም ሊያባርረው የሚነሣ ተቋምም ሕግ ይጥሳል። ልጆቹን በዚህ ደመወዝ የሚያሳድግ ወገናችን ይህን ጥበቃ በሚገባው ቋንቋ ካልሰማ፣ እያየ ዝም ቢል አያስደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይመለከታል፤ ስለዚህ የምጠይቅዎ አዲስ መብት አይደለም። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበሉት የነርሲንግ ሆም እንባ ጠባቂዎች ድሮም ከሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ይሠራሉ። አማርኛ ተናጋሪዎችን ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከመስጊዶችና ከዕድሮች ይመልምሉ፤ ያሠልጥኑ፤ የእንባ ጠባቂውን ስልክ በአማርኛ በየነርሲንግ ሆሙ ያስለጥፉ። አማርኛ ተናጋሪ አረጋዊ ባለበት ነርሲንግ ሆም ሁሉ፣ ከተቋሙ ደመወዝ የማይበላ ሰው በየጊዜው ገብቶ ለብቻቸው ያነጋግራቸው። ይህን መቼ እንደሚጀምሩ በይፋ ይንገሩን።