ካሴቱ ጠባቂ አለው፤ ሰውስ?



ባለፈው ክረምት ከደሴ አንዲት የሰፈራችን እናት ስልክ ደወሉልኝ። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ዓደን ከገባ በኋላ «ሼክ ዑስማን ነኝ፣ ከአገር ልጆች ጋር ነኝ፣ አታስቢ» ብሎ አንድ ጊዜ ደውሏል። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እሳቸው የፈለጉት ገንዘብ አልነበረም። «ልጄ፣ አንተ ኮምፒዩተር ትጠብቃለህ አሉኝ። እስቲ ዝርዝሩን እይልኝ። ስሙ ካለ አለ በለኝ፤ ከሌለም ቁርጤን ልወቅ» ነው ያሉኝ። እትዬ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መሣሪያ ውስጥ፣ ባሕር ተሻግረው የሄዱት ልጆች ስም ተጽፎ የተቀመጠ መስሏቸዋል። እኔም «እሺ እትዬ፣ አጠያይቃለሁ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው ያሳፈረኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የትምህርቴን ወጪ ለመሸፈን በሳምንት ሦስት ሌሊት በአንድ የኮምፒዩተር ማዕከል በተረኛነት እሠራለሁ። ሥራዬ ሜይንፍሬም ከሚባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር የተያያዘውን የቴፕ ማከማቻ መከታተል ነው። በአጭሩ ሲነገር፣ ከብዙ ሺህ ካሴቶች መካከል አንዲቱም ሳትጠፋ እንድታድር መጠበቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ጥቂት ላብራራ፤ በኋላ ወደ ሼክ ዑስማን እንመለሳለን።

«ቴፕማ ድሮ ቀረ» የሚል አይጠፋም። አልቀረም። አይቢኤም የመጀመሪያውን የቴፕ መሣሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በ1984 አራት ማዕዘን ያላት ትንሽ ካሴት መጣች፤ የምትይዘው 200 ሜጋባይት ነበር። በ1995 ደግሞ 10 ጊጋባይት የምትይዝ ተተካች። ይሁን እንጂ ፕሮግራሞቹ እንደ ልማዳቸው በአንድ ካሴት ላይ ትንሽ ጽፈው ይተዉት ስለነበር አብዛኛው ቦታ ባዶውን ይቀመጥ ጀመር። ለአንድ ቁና ጤፍ አንድ ጎተራ እንደ መያዝ ያለ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው መፍትሔ «ቨርቹዋል ቴፕ» ይባላል፤ በስም ቴፕ፣ በገቢር ዲስክ ማለት ነው። ዋናው ኮምፒዩተር ቴፕ ላይ የሚጽፍ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚጽፈው ግን በፊት በተደረደሩ ዲስኮች ላይ ነው። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን ሰብስቦ በአንድ እውነተኛ ካሴት ላይ ይደራርባቸዋል፣ ወይም በሌላ ከተማ ለተቀመጠው መሰሉ ግልባጭ ይልካል። እያንዳንዷ የስም ካሴት በስድስት ፊደላትና ቁጥሮች የተሠራ መለያ አላት። በዚያ መለያ የት እንዳለች፣ ስንት ግልባጭ እንዳላት፣ መቼ ልትሻር እንደምትችል ይታወቃል።

ተረኛው ሌሊቱን የሚያየው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፊተኛው ዲስክ ምን ያህል ሞልቷል? ግልባጭ የተሠራለት ከዲስኩ ሊወጣ ይችላል፤ ያልተሠራለት ግን መውጣት የለበትም። ስለዚህ ግልባጩ ሲዘገይ ዲስኩ ይጨናነቃል፣ መሣሪያውም ዋናውን ኮምፒዩተር ቀስ እንዲል ያስገድደዋል። ሁለተኛ፣ ግልባጭ የሚጠብቁት ስንት ናቸው? ሦስተኛ፣ ባዶ ካሴት ይበቃል? ጊዜዋ ያለፈ ካሴት ወደ ባዶነት ተመልሳ በላይዋ ይጻፍባታል፤ በስሕተት የተሻረች ካሴት ደግሞ ከተጻፈባት በኋላ አትመለስም። አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው? አንድ ሰው ብቻውን የመሻር ትእዛዝ መስጠት የሚችልበት ማከማቻ፣ በሩ ተዘግቶ ቁልፉ መስኮት ላይ እንደ ተቀመጠበት ቤት ነው።

ከሥራው የተማርኩት ትልቁ ነገር አደገኛው ብልሽት ዝም የሚለው መሆኑን ነው። አንድ ሌሊት ወደ ሁለተኛው ከተማ የሚወስደው መስመር ተቋርጦ ግልባጮቹ ለሰዓታት ተከማችተው ቆዩ። ማስጠንቀቂያው ተልኳል፤ ነገር ግን የተላከው ማንም ወደማይቀመጥበት ስክሪን ነበር። ዋናው ኮምፒዩተር ሥራውን ቀጥሏል፣ ሪፖርቱም «ግልባጭ፦ አለ» ይላል። እርግጥ አለ፤ የትናንቱ። በዚያች ሌሊት እሳት ቢነሳ ኖሮ የዚያን ቀን መዝገብ የሚያውቅ ባልተገኘ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ግልባጭ አለን» የሚለኝን ሰው «መቼ የተሠራ? መልሳችሁስ አንብባችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የካቲት 2011 እ.ኤ.አ. በጉግል የኢሜይል አገልግሎት በአንድ የፕሮግራም ስሕተት ከመቶ 0.02 የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ደብዳቤያቸው ሲጠፋባቸው በየዲስኩ የነበሩት ግልባጮች አላዳኗቸውም፤ ስሕተቱ ለሁሉም ደርሶ ነበርና። ያዳናቸው ከመስመር ውጪ የተቀመጠው ቴፕ ነው።

እንግዲህ ዓለም ለገንዘቡና ለደብዳቤው ይህን ያህል ይጠነቀቃል። አገራችንም ለገንዘብ ሲሆን ትችላለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ሲያወጡ ማደራቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከወሰዱትም ብዙዎቹ እንደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ፤ ማን፣ ስንት እንደወሰደ ከመዝገቡ አውጥቶ ያልመለሱትን በስምና በፎቶግራፍ አሳወቀ። ነጥቤ ባንኩን መውቀስም ማመስገንም አይደለም። ገንዘብ ሲጠፋ ማን እንደወሰደው በቀናት ውስጥ ታወቀ። ሰው ሲጠፋስ?

ወደ ሼክ ዑስማን እንመለስ። እንግሊዞች በ1882 እ.ኤ.አ. ከላህጅ ሱልጣን የገዙት ይህ ሠፈር ዛሬ ከዓደን ወረዳዎች አንዱ ነው። ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. የዓደን ባለሥልጣናት ከየመንገዱ ስደተኞችን ማፈስ ጀመሩ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ 5,000 የሚሆኑ ሰዎች በዓደን ሁለት የስፖርት ሜዳዎችና በላህጅ አንድ የጦር ሠፈር ታጎሩ። ከሜዳዎቹ አንዱ በሼክ ዑስማን ያለው የግንቦት 22 ስታዲየም ነው። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ተቅማጥ ገባ፤ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በግንቦት መጀመሪያ ባወጣው መግለጫ ቢያንስ 8 ሰዎች በላህጅ ሆስፒታል መሞታቸውን ነገረ። ሚያዝያ 30 ቀን (እ.ኤ.አ.) ጠባቂዎች በታሳሪዎቹ ላይ ተኩሰው ሁለት ሰዎች ቆሰሉ፤ አንዱ ምናልባት ለዕድሜ ልኩ ሽባ የሚሆን ታዳጊ ልጅ ነበር። በኋላ ድርጅቱ ብዙዎቹን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መለሰ።

ከዚያ በኋላም አላበቃም። መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በሰንዓ አንድ የስደተኞች ማቆያ ተቃጥሎ በርካታ ወገኖቻችን አለቁ። ሚያዝያ 2025 በሰዓዳ አንድ ማቆያ በአሜሪካ የአየር ድብደባ ተመትቶ 68 ሰዎች መሞታቸውን የዚያው አካባቢ ባለሥልጣናት ተናገሩ። ነሐሴ 2025 ከዓደን በስተምሥራቅ በአብያን ጠረፍ ከ150 የሚበልጡ ሰዎችን፣ አብዛኞቹንም ኢትዮጵያውያንን፣ የጫነች ጀልባ ሰጠመች። በእነዚህ ዜናዎች ሁሉ ቁጥር አለ። ስም ግን የለም። ቁጥር ለዜና ይበቃል፤ ለእናት አይበቃም።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በየአገሩ ያሉት የማኅበራችን ቅርንጫፎች ወደ የመን የሄዱና ድምፃቸው የጠፋ ወገኖችን መዝገብ ይያዙ።

ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ይህ የመንግሥትና የኤምባሲ ሥራ ነው» የሚል ነው። እርግጥ ነው። ሆኖም በደሴ የሚኖሩት እናት የደወሉት ለኤምባሲ ሳይሆን ለኛ ነው። ሁለተኛው «ገንዘብም መሣሪያም የለንም» ይላል። መልሱን ታሪክ ይስጥ። ቀይ መስቀል በ1914 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የጦር እስረኞች ማዕከል ሲያቋቁም በእጁ የነበረው ወረቀትና እርሳስ ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች ብዛት ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ካርድ ተጻፈ፣ በዚያም ቤተሰብ ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ ቻለ። ሜይንፍሬም አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የተረኛው ሥርዓት ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «ዝርዝር ራሱ አደጋ ነው» የሚለው ነው። ይህን አልንቅም። በየመን ጠረፍ ደላሎች ስደተኞችን አስረው እያሠቃዩ ከቤተሰብ ገንዘብ እንደሚያስልኩ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የቤተሰብ ስልክ ያለበት መዝገብ በእነሱ እጅ ቢገባ የምናዳነውን እናጠፋለን። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚያስተምረን መዝገብ አለመያዝን ሳይሆን ቁልፉን መጠበቅን ነው።

እንግዲህ ከቴፕ ማከማቻው የተማርኩትን ለመዝገባችን ላውለው። አንደኛ፣ ስሙ ጥሪው በደረሰ ሰዓት ይጻፍ። «ነገ እጽፈዋለሁ» የተባለው ስም ያልተገለበጠች ካሴት ነው። ሁለተኛ፣ መዝገቡ በሁለት አገር ባሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም ይመሳከር። ሦስተኛ፣ ተረኛ በስሙ ይመደብ፤ «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። በየወሩ ከመዝገቡ አሥር ስም እየተመረጠ ለቤተሰብ ይደወል። በዚህም መዝገቡ ሕያው መሆኑ ይፈተናል፤ ቤተሰብም እንዳልተረሳ ያውቃል። አራተኛ፣ ስምና የቤተሰብ ስልክ በተለያየ እጅ ይያዝ፤ ሁለቱ ሰዎች ካልተስማሙ ማንም አይክፈተው። አምስተኛ፣ ከቤተሰቡ ቃል ውጪ ማንም ስም አይሠረዝ። ጊዜው አልፏል ተብሎ ወደ ባዶነት የሚመለስ ካሴት እንጂ ሰው የለም። በመጨረሻም፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ስሙ ለቀይ መስቀል የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት ይተላለፍ፤ ብቻችንን ተአምር አንሠራምና።

መዝገብ ጀልባን ከመስጠም አያድንም። የተቆለፈ ስታዲየምንም አይከፍትም። ይህን ለማስመሰል አልፈልግም። ነገር ግን ስሙ የተጻፈ ሰው ሲጠፋ መጥፋቱ የሚታወቅበት ቀን ይኖረዋል፣ የሚጠይቅለትም ሰው ይኖረዋል። ስሙ ያልተጻፈ ግን የጠፋበት ቀን እንኳ የለውም።

እኔ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእትዬን ልጅ ስም፣ «ሼክ ዑስማን» የሚለውን ቃልና የመጨረሻውን ጥሪ ቀን ጽፌያለሁ። አንድ ግልባጭ ብቻ ስላለው በሥራ ቤቴ ደንብ ገና ያልዳነ መዝገብ ነው። ሁለተኛውን ግልባጭ የሚይዝ ቅርንጫፍ የትኛው ነው? በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ይህ ጥያቄ ከአጀንዳው ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ፤ እስከዚያው ድረስ ግን እትዬ እንደገና ይደውላሉ፣ ስልኩንም አነሣለሁ።