ፎቅ ያልተስማማው ለማን ነው?

«የአገራችን ሰው፣ በተለይም የደጋው ሰው፣ ፎቅ ቤት አይስማማውም፤ ከጎረቤቱ ራስ ላይ መኖርን ነውር ያደርጋል፤ በጓሮው ጎመን ካልተከለ፣ በደጁ በግ ካላሰረ ቤት ያለው አይመስለውም» የሚል ክርክር በየጉባኤው ይሰማል። ክርክሩ የባህል ተቆርቋሪነት ካባ ስለ ደረበ ደፍሮ የሚነካው ጥቂት ነው። ካባው ሲገለጥ ግን ከሥሩ ባህልን አለማወቅ ይገኛል። የላስታ ሰው ክብ የድንጋይ ፎቅ ሠርቶ፣ ከብቱን ከምድር ቤት አስሮ፣ እርሱ ከላይ ሲተኛ የኖረው ማንም ከተሜ ሳያስተምረው ነው። የሐረር ጀጎል ነዋሪም ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ፣ በጠባብ ቦታ ብዙ ሆኖ መኖርን ከጥንት ጀምሮ አውቆበታል። የመንዝ ሰው ራሱ ድንጋይ መካብ የተካነ ነው፤ ነፋሱንና ውርጩን የተቋቋመው በካብ ግድግዳው ነው። ታዲያ ይህ ሕዝብ ደርብ የሚፈራው በምን ምክንያት ነው?

እርግጥ «አይስማማውም» ባዮቹ የሚጠቅሱት አንድ ማስረጃ አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ፤ ደብረ ብርሃንም ድርሻዋ ደረሳት። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ግን ከአዲስ አበባ በስተቀር በሌሎቹ ከተሞች ሥራው ተገታ። የቤቱ ዋጋና የነዋሪው ኪስ አልተገናኙም፤ ፈላጊውም እንደ ታሰበው አልበዛም። ከዚህ ተነሥቶ «ሕዝቡ ፎቅ ጠላ» ብሎ መደምደም የጫማ ሰፊውን ስሕተት በእግር ማላከክ ነው። የታየው ንድፍ ለአዲስ አበባ የተነደፈው ነበረ፦ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ደርብ፣ የአርማታ ምሰሶ፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ለጀማ ሸለቆ ሙቀትና ለመሐል ሜዳ ውርጭ አንድ ዓይነት ግድግዳ የሚያዝ መሐንዲስ ለቆላም ለደጋም አንድ ልብስ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ብረቱ በጣርማ በር በኩል በጭነት መኪና እየተንፏቀቀ ይመጣል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ከማሳው ዳር ተከምሮ ጠራቢ ይጠብቃል። (የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. መስከረም እንሳሮ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ሲሚንቶውስ ጎረቤት ሆኗል፤ ጎረቤት መሆኑ ለድኃው ዋጋውን አላቀለለለትም።)

በዚህ ሁሉ ላይ የዕጣው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ቤት የደረሰው ድኃ ቅድሚያ ክፍያውን ከዘመድና ከዕቁብ ለቃቅሞ ይከፍላል፤ የባንኩ ወርኃዊ ዕዳ ሲከብደው ቤቱን ለተሻለ ገቢ ላለው አከራይቶ፣ ራሱ ወደ ለቀቃት የጭቃ ክፍል ይመለሳል። በስሙ የተሠራለትን ቤት ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ፎቅ አልተስማማውም ይባላልን?

የፎቅ ተቃዋሚዎች በምትኩ የሚያቀርቡት መድኃኒት ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ በየስሙ የቤት መሥሪያ ቦታ መስጠት ነው። በአማራ ክልል ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛውና አነስተኛ ነጋዴው በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ጠብቆ ጠብቆ ጡረታ ይወጣል። ቦታው የሚመጣው ከማን ነው? ከተማ ዳር ካለው ገበሬ ነው። የመንዝ ገበሬ ከዚያ ስስ አፈር ገብስ የሚያወጣው በስንት መከራ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ያን ማሳ ለአንድ ሳሎንና ለሁለት መኝታ ቤት ሲሸነሽን እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባል። ካሣው ይበላና ያልቃል፤ ማሳው አይመለስም። የገበሬው ልጅ ደግሞ ነገ ደብረ ብርሃን ወርዶ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይቶ፣ በተራው ከሌላ ገበሬ ማሳ ላይ ቦታ ይመዘገባል። ዐሥር ቤተ ሰብ በአንድ ማሳ ጥግ ላይ ሦስት ደርብ ሆኖ ቢሰፍር የቀረው መሬት ገብስ ማብቀሉን ይቀጥላል። የጋራ መኖሪያ ቤት ክርክር በደጋ አገር ስለ መልክና ስለ ልማድ ከመሆኑ በፊት ስለ እንጀራ ነው።

ቁም ነገሩ ጥቂት ይቆይና፣ ስለ ገጣሚዎቻችንም አንድ ነገር ይነሣ። የሣር ጎጆን የማያወድስ ባለ ቅኔ የለም፤ በሣር ጎጆ የሚያድር ባለ ቅኔ ግን ማግኘት ያስቸግራል። የመንዝ ጎጆ የሚከደንበት ሣር ከጓሳ ይመጣል። ያ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ሁሉም የግጥሙን ምክር ሰምቶ ጎጆ ቢቀልስ ጓሳ በጥቂት ዓመት መላጣ ይሆን ነበር።

ጓሳ መላጣ ሳይሆን የቆየውም ስለ ተወደሰ አይደለም። ባላገሩ ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ በወረሰው ሥርዓት ሣሩን ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይከለክል፣ ሲደርስ ቀን ቆርጦ ይከፍት፣ ያለ ቀኑ ማጭድ ያነሣውን ይቀጣ ስለ ነበረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ ሕዝቡም በኋላ በኮሚቴ ተሰባስቦ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። እንግዲህ የጋራ ነገር ያለ ደንብና ያለ ጠባቂ እንደማይቆም ከመንዝ ሰው በላይ የሚያውቅ ማን ነው? የጋራ ሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበርና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖር ያዝዛል። በሕንፃዎቹ ግን ደረጃው የማንም አይደለም፤ የመብራቱ አምፖል ከተቃጠለ ተቃጥሎ ይቀራል፤ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የተሠራው የጋራ ቤት ብዙ ቦታ ለሌላ አገልግሎት ውሏል። በሜዳ ላይ ያለ ሣር ቀን እየቆረጠ የጠበቀ ሕዝብ ለአንድ ደረጃ ደንብ ማውጣት አያቅተውም፤ ደንቡ ተጽፎ ከላይ ሲላክለት ግን የራሱ አይመስለውም።

መንግሥት ሠርቶ መሸጥን ብቻ ማሰቡም ሊመረመር ይገባል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የድኃው ኪራይ ረከሰ፤ የሚያድሳቸው በመጥፋቱ ግን የቀበሌ ቤቶች በነዋሪዎቻቸው ራስ ላይ አረጁ። ዛሬ ያለው የኪራይ ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ዋጋ ይቆጣጠራል እንጂ አንዲት ክፍል አይጨምርም። ለመሐል ሜዳ፣ ለሞላሌ፣ ለራቤልና ለዓለም ከተማ የሚያስፈልገው በአገሩ ድንጋይ፣ በአገሩ ጠራቢ የተሠራ፣ ከሁለትና ከሦስት ደርብ የማያልፍ፣ ከኪራዩ ላይ የማደሻው ገንዘብ በየወሩ ተቆርጦ የሚቀመጥለት የኪራይ ቤት ነው።

ነዳፊውም ከአዲስ አበባ ንድፉን ጠቅልሎ ከመምጣቱ በፊት በኅዳር ውርጭ አንድ ሳምንት መሐል ሜዳ ይደር። ባና ለብሶ ፀሐይ በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደምትገባ ያስተውል፤ ኩበቱ የሚቀመጥበትን፣ ጭሱ የሚወጣበትን፣ ምጣዱ የሚጣድበትን ቦታ ከሴቶቹ ይጠይቅ። እርሳሱን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ይሁን።