ወንበሬ ጅቡቲ ገባ፤ እኔ ግን ከድንበር ተመለስሁ

ግልጽ ደብዳቤ
የምድር ባቡርን ሥራ በበላይነት ለሚመሩት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የቲኬቴ ዋጋ ይመለስልኝ ብዬ ያቀረብሁት ማመልከቻ ከነአባሪው በመዝገብ ቤትዎ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታልና፣ የነገሩንም መነሻ ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀዋልና፣ ታሪኩን ከሥሩ በመተረክ ክቡር ጊዜዎን አላባክንም፤ ለአንባቢው ግን በአጭሩ፣ እስከ ጅቡቲ የሚያደርስ ቲኬት ገዝቼ በባቡር ስጓዝ ፓስፖርት የለህም ተብዬ ከድንበር ላይ ወርጃለሁ። ትዕግሥት ሠናይ ምግባር መሆኑን አበው አስተምረውናል፤ ነገር ግን መልስ የማያገኝ ትዕግሥት ለበደል መደላድል ሲሆን ዝም ማለት ትሕትና መሆኑ ይቀርና ተባባሪነት ይሆናል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ አቁሜዋለሁ፤ ክቡርነትዎ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ አንባቢው ሕዝብ አንብቦ ይፍረድ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በአገር ውስጥ መታወቂያ ድንበር መሻገር የማይቻል ከሆነ፣ ያንኑ መታወቂያ ተቀብሎ፣ ቁጥሩንም መዝግቦ፣ እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ የሚያደርስ ቲኬት የሸጠልኝ መስኮት ገንዘቤን የወሰደው በየትኛው ሕግ ነው?

ሻጩን በስም አልጠራም፤ አንድን ሠራተኛ ከእንጀራው ማፈናቀል ዓላማዬ አይደለምና። ከድንበሩ ላይ ያወረዱኝንም ሰዎች አልከስም፤ እነርሱ ፓስፖርት ጠየቁኝ፣ እኔም አልነበረኝም፣ ሕጉን በጨዋ ቃል ነግረው አወረዱኝ። መንግሥታት ደጃቸውን ይጠብቁ ዘንድ ይገባቸዋል። እኔ የምከሰው፣ በሩ እንደሚዘጋብኝ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው መንገዱን የሸጠልኝን አሠራር ነው።

ማስረጃዬ እነሆ። በመጀመሪያ ቲኬቱ ራሱ በእጄ አለ፤ መድረሻው ናጋድ ተብሎ ታትሞበታል፣ ከስሜም ግርጌ የብሔራዊ መታወቂያዬ ቁጥር ሰፍሮበታል። በሁለተኛ ደረጃ፣ በመስኮቱም ሆነ በግድግዳው ላይ ፓስፖርት የሌለው መንገደኛ ድንበር እንደማያልፍ የምትናገር አንዲት መስመር አልነበረችም፤ የሻንጣ ክብደትን የሚወስኑና ማጨስን የሚከለክሉ ማስታወቂያዎች ግን በየማዕዘኑ ተለጥፈው ነበር። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከመሣፈሬ በፊት ቲኬቴን ያየው ተቆጣጣሪ፣ በመንገድም ላይ ዳግመኛ የመረመረው ባልደረባው፣ ሁለቱም መድረሻውን አንብበው መልካም መንገድ ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም። በአራተኛ ደረጃ፣ ብቻዬን አልነበርሁም፤ ወደብ ላይ በጫኝነት ከሚያድረው ባሏ ዘንድ ለመድረስ ሕፃን አዝላ የተነሣች አንዲት እናት እንደ እኔው ቲኬቷን በእጇ እንደያዘች ወርዳለች፤ የእርሷም ቲኬት እንደ እኔው በመታወቂያ የተሸጠ ነበር። በአምስተኛ ደረጃ፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ብጠይቅ፣ ወንበሩ በስምዎ ተይዞ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዷልና ተመላሽ የለውም የሚል መልስ ተሰጠኝ።

እነሆ ክቡር ሆይ፣ እናንተም አንባብያን ሆይ፣ ወንበሬ ያለ ፓስፖርት ባሕር ማዶ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ተጓዘ፤ ዋጋውን የከፈለው ሽማግሌ ግን ተመላሹን ባቡር ሲጠብቅ ከድንበሩ ጣቢያ ጥላ ሥር አደረ። የሸጠልኝ መስኮት ያወረዱህ ይክፈሉህ አለኝ፤ ያወረዱኝም የሸጠህ ይክፈልህ አሉኝ። በሁለቱ መካከል ገንዘቤ የት እንደ ገባ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት መብቱ መሆኑን ደንግጓል። በከተማችን በካራቆሬ ገበያ ማሾ የምትሸጥ አንዲት እናት እህሉ መንቀዙን ሸሽጋ ብትሰፍርልኝ በማግስቱ መልሼ ዋጋዬን እቀበላታለሁ፤ እንቢ ብትለኝም ሽማግሌ ይፈርድባታል። በኤሌክትሪክ የሚነዳ ባቡር የሚያሠማራ ተቋም ከማሾ ሻጯ ያነሰ ሕሊና ሊኖረው አይገባም።

ይህስ በሌላው ዓለም ያለ ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ወደ ጀርመን አገር እንመልከት። በዚያ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በጊዜው ዋጋ በወር 49 ዩሮ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር በአውቶቡስና በቅርብ ርቀት ባቡሮች የሚያዞር ቲኬት ሥራ ላይ ዋለ። ፈጣኖቹን ባቡሮች አይጨምርም፤ የጀርመንም ወሰን ሲያልቅ በመሠረቱ ያበቃል፤ ነገር ግን ከወሰኑ ተሻግሮ እንደ ኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ የሚያደርስበት ቦታ አለ፤ የት እንደሚያልፍና የት እንደሚቆም ለገዢው አስቀድሞ ተጽፎ ይነገረዋል። ወሰን መኖሩ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ወሰኑን ከገንዘብ በኋላ ማሳወቅ ነው።

እኛም በባቡር ሥራ ጀማሪዎች አይደለንም። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዲሱ 752 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመርም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለንግድ አገልግሎት ተሠማርቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ድንበር ሲሻገር የኖረ ባቡር መንገደኛውን ፓስፖርት አለህን ብሎ መጠየቅ እንዴት ሳይማር ቀረ?

ወደ አደባባይ ከወጣሁ ዘንዳ በልቤ የቆየውንም ልናገር። እኔ ያንን ባቡር ለመያዝ ከካራቆሬ በአውቶቡስ ተነሥቼ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፌ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቼ፣ ደብረ ብርሃንን ተሻግሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያም እንደገና ወደ ቆላ ወርጄ አዋሽ ደረስሁ። ከዚያው ከአዋሽ ተነሥቶ በይፋት ቆላ በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የሚያቀናው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. መሥራት የጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐዲድ ግን ለመንገደኛ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። 1 ቢሊዮን 700 ሚሊዮን ዶላር ውል የተፈረመበት ብረት ከቀያችን አጠገብ ተዘርግቶ ሳለ፣ እኛ ወደ አዋሽ ለመውረድ ደጋ መውጣታችን ምን ይባላል?

የእኛ የይፋት ሕዝብ ትዕግሥት የለውም አይባልም። በ1953 ዓ.ም. ምድር ተናውጣ የማጀቴን ከተማ ስታፈርስ፣ ካራቆሬንም ስትጎዳ፣ አባቶቻችን ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ጸሎት አድርሰው ቤታቸውን መልሰው ሠሩ እንጂ ማንንም አልከሰሱም። ያ የእግዚአብሔር ሥራ ነበርና። የቲኬት መስኮት ሥራ ግን የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራም መልስ የሚሰጥበት ሰው አለው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህ ነው። የእኔና የዚያች እናት ገንዘብ ይመለስ። ድንበር የሚሻገር ቲኬት የሚሸጥ ሁሉ ፓስፖርት ሳያይ እንዳይሸጥ በጽሑፍ ይታዘዝ፤ ማስታወቂያውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛና በሶማልኛ በየጣቢያው ይሰቀል። ስለ ተመላሽ ገንዘብ የሚወስን አንድ መስኮት ይሰየም፤ መንገደኛ ከደጅ ወደ ደጅ አይንከራተት። ከጅቡቲ መንግሥት ጋር ተመካክራችሁ፣ በሁለቱ አገሮች ለሚሠሩ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች፣ ለቤተሰቦቻቸውም፣ በባቡሩ የሚመላለሱበት ቀላል የጉዞ ፈቃድ ይሰናዳ። የአዋሽ ኮምቦልቻው ሐዲድ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገር፤ ሲከፈትም ማሾአችንን ብቻ ጭኖ እኛን ጥሎን እንዳይሄድ የመንገደኛ ባቡር ይመደብለት፤ ለሐዲዱ መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎችም የካሣቸው ሒሳብ በፊታቸው ይነበብላቸው።

ገንዘብ ለማስመለስ ተነሥቶ ባቡር ለማስከፈት ደረሰ ብለው ይገረሙ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ማመልከቻ ቢመልሱልኝ ኖሮ የቲኬቴን ዋጋ ብቻ ይዤ በሄድሁ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የእኔ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። መልስዎን በመዝገብ ቤት ቁጥር ሳይሆን ይህ ደብዳቤ በተነበበበት አደባባይ ይሰጡን ዘንድ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር እንጠብቃለን።

አንድ የካራቆሬ ነዋሪ፣ ጡረተኛ መምህር